የግድግዳው ጆሮ

ሥራዬ ነፋስ ማደን ነው።
ቀይ ሸራ በበሩ መቃን ወጥሬ፣
መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ፣ የምድጃውን ጉሮሮ አስሬ፣
ማራገቢያ ተክዬ የቤቱን አየር ወደ ደጅ ስስበው
ቤት ምስጢር አይችልም፤ ያፏጫል በየቀዳዳው።

ከታሊን በስተ ምሥራቅ፣ ባልቲክ ከጥዱ ሥር በሚያጓራበት መንደር፣
በየካቲት፣ በረዶው ከመስኮቱ ደፍ የደረሰ ጊዜ ነበር።
ሽማግሌው ሄልዱር፣ መረቡን የሰቀለ አጥማጅ፣
የቀጠረችኝን ልጁን ትቶ እኔን ገላመጠኝ ከደጅ፦
«አባቴ ግንድ በግንድ ላይ ሲያጋድም
መሐሉን የደን ሽበት ጠቀጠቀው፤ ሚስማር አላስነካውም።
ሰባ ዓመት ተንፍሶ ኖረ። አንተ ልታንቀው?»

መልስ ነበረኝ፤ ዋጥኩት።
(ሰው በአፍንጫው ነው የሚተነፍስ፣
በቁስሉ አይደለም።)

ማራገቢያው አጉረመረመ። ቁጥሩን አነበብኩ፦ አሥራ አንድ።
አየሩ በሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ ተለውጦ ሲነጉድ
ቪርቬ የማገዶ ዕዳዋን አሰበች መሰለኝ፤
«ባሕሩን ነዋ የምናሞቀው!» አለችኝ።
አባትየው ፊቱን አዞረ።
እናት ከሞተች ወዲህ በሁለቱ መሐል
ነፋስ ገብቷል ይባላል፤
እሱን ደግሞ መሣሪያዬ አይለካም።

የጭስ ብዕሬን ለኮስኩ። ነጩ ክር
በጣሪያው ወጋግራ ሥር ተጥመለመለ፣
በሶኬቱ አፍ ላይ ተቀነጠሰ፣
ከቁም ሣጥኑ ኋላ ግን ተወረወረ፣
ድንጋይ እንደሳተው ወፍ።
ሣጥኑን ገፋነው።
የጣት ውፍረት ያለው ቀዳዳ፤ በውስጡ የመዳብ ሽቦ።

ሄልዱር ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤
የስንት ዘመን ቃል ከጉሮሮው ተላቀቀ፦
«ያኔ ሁሉም ሲንሾካሾክ፣ ‹ግድግዳ ጆሮ አለው› ሲባል፣
ሌይዳ ‹እንግዲያው የእኛው ለእኛ ይስማ› አለች፤ ምን ይሳናታል!
እኔ ደጅ የጀልባ ሚስማር ስቀጠቅጥ፣ ድምፅ ድምፅን እንዲውጠው፣
እሷ ከውስጥ ግንዱን በመሠርሠሪያ በሳችው።
ሽቦውን እስከ ጥዱ ሳብነው፤ የልብስ ማስጫ መሰለ፤
ማታ ማታ የሄልሲንኪ ድምፅ ከባሕር ማዶ ተንጠለጠለ፦
የአየር ጠባይ፣ የዳንስ ዜማ፣ የዓሣ ዋጋ…
እሷ ሬዲዮው ላይ ተደፍታ፣ እኔ በር ስጠብቅ እስኪነጋ።»

ቪርቬ ጣቷን ቀዳዳው ላይ አኖረች።
«አልጋዬ እዚህ ነበር» አለች።
«ልጅነቴን ሙሉ ግራ ጆሮዬን ሲበርደኝ
‹ባሕሩ ነው› ነበር የምትሉኝ።»
ዝም አሉ። ከዚያ፣ መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላየሁም።

ሦስት ሳምንት ሠራን፤
በግንዶቹ መጋጠሚያ የተልባ ቃጫ ጠቅጥቀን፣
ጭቃ በስሱ መርገን፣
ከጣሪያው ማገር ሥር የእንፋሎት መጋረጃ ዘርግተን፣
ጫፉን በጫፉ ደርበን በፕላስተር አሸግን።
ፕላስተሩን የተጫነው የሄልዱር አውራ ጣት ነው፤
ሃምሳ ዓመት መረብ የጠገነ ጣት ሽንቁር አይስተው።
ለመተንፈሻም አፍንጫ አበጀንለት፣
የሚወጣው አየር ለሚገባው ሙቀቱን የሚያወርስበት።

«ሽቦውን ግን እንዳትቆርጥ» አለኝ። አልቆረጥኩም፤
የጎማ አንገትጌ አጠለቅኩለት፤ ጠበቅ ይላል፣ አያንቅም።

ሁለተኛው ልኬት፦ አንድ ነጥብ ሁለት።
ጭሱ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ፤
ሄልዱር ጆሮውን ግድግዳው ላይ አጋደመ።
ምን እንደሰማ አልጠየቅኩም፤ ሸራዬን መጠቅለል ያዝኩ።

ስወጣ ቪርቬን ደጅ አየኋት፣
ሽቦውን በእጇ እየዳበሰች እስከ ጥዱ ተከትላ
አንድ እርጥብ ፎጣ ሰቅላ።
ፎጣው ወዲያው እንደ ሳንቃ ድርቅ አለ፤
ነፋሱ መጣ፣ አንኳኳው፣
ሌላ የሚገባበት አላገኘም።